ቴርሞስታት ከተቀየረለት በኋላ ቀጥ ያለው ቦይለር፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለወራት ተጠቅሜበት ያየሁት

ደብረ ብርሃን ላይ ቦይለር እንደ ብርድ ልብስ የግድ የሚባል ዕቃ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ሲጥል ያደረ የቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። የገዛሁት ቦይለር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1500 ዋት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ እየታጠበበት ይኸው ነሐሴ ደረሰ።

ታንከሩን ወድጄዋለሁ። ሙቀት ይይዛል፤ ማታ ሞቆ የጠፋው ጠዋት ለልጆቹ ፊት መታጠቢያ ይበቃል። 50 ሊትር ውሃ ከ12 ዲግሪ ተነስቶ 60 እንዲደርስ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ መብራቱ ደህና ከሆነ ሁለት ሰዓት አይሞላበትም። ቮልቴጅ ሲወርድ ግን ይጎተታል። 220 መሆን የነበረበት 180 ከሆነ 1500 ዋቱ ወደ 1000 ይወርዳልና ቦይለሩ ላይ መፍረድ አይገባም። በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ሲሞቅ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃም ብልሽት አይደለም፤ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን እያስወጣ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ቴርሞስታቱ ነው፤ ውሃው በቂ ሲሞቅ ኃይሉን የሚቆርጠው ክፍል ማለት ነው። ጥር ላይ መቁረጥ አቆመና ውሃው እጅ የማያስነካ ሆነ። ሱቁ ዋስትናው ታንከሩን እንጂ ቴርሞስታቱን አይጨምርም አለኝ። ባለሙያ ጠራሁ፤ ውስጡን ልይ ብሎ ውሃውን በሙሉ አፈሰሰውና አዲስ ቴርሞስታት ገጠመ። ዕለቱ የእኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃ አልነበረም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶም ተሟጦ ነበር። ታንከሩ ሳይሞላ ብሬከሩን አበራው። ቀይዋ መብራት በራች፣ ጥቂት ቆይታ ድርግም አለች። ብሬከሩ አልወደቀም፣ ቤቱ ውስጥ መብራት አለ፣ ቦይለሩ ግን ቀጥ አለ። «እትዬ፣ ኤለመንቱ ተቃጥሏል፤ አዲስ ይግዙ» ብሎኝ ሄደ፤ ኤለመንት የሚለው ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት ነው።

ታናሽ ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ምንም እንዳልገዛ ነግሮኝ ቅዳሜ መልቲሜትሩን ይዞ መጣ። ከግድግዳው የሚመጣው ሽቦ ላይ ሲለካ 220 ገደማ አለ፤ ከቴርሞስታቱ በሚወጣው ላይ ምንም የለም። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ኃይል አለመኖሩን እንደገና ለክቶ፣ የኤለመንቱን ሽቦዎች ፈታና በኦም ለካው፤ 32 አሳየ። 220ን በራሱ አባዝቶ ለ1500 ሲካፈል የሚመጣው ይኸው ነው፤ የተቃጠለ ቢሆን መልቲሜትሩ ምንም ባላነበበ ነበር። ኤሌክትሪክ ወደ ታንከሩ አካል የሚያፈስ መሆን አለመሆኑንም አየ፤ አያፈስም። «እታለም፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው» አለኝ።

ከዚያ ክዳኑ ሥር በካቻቢቴው ጫፍ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አሳየኝ። ሙቀቱ ከሚስተካከልበት መዘውር አጠገብ ናት፤ ወደ ውጭ ብቅ ብላ ቆማለች። እንዲህ ያለ ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ውሃው ሲሞቅ ይቆርጣል፣ ሲበርድ ራሱ ይመልሳል። ሁለተኛው የአደጋ መቁረጫ ነው፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ይቆርጥና ሰው በእጁ እስኪጫነው ድረስ አይመልስም። ታንከሩ ባለመሙላቱ ኤለመንቱ ባዶ አየር ላይ ጋለ፣ መቁረጫውም ቆረጠ። ኃይል የጠፋው መቁረጫው ሥራውን በደንብ ስለሠራ ነው፤ ባይቆርጥ ኖሮ ኤለመንቱ በእርግጥ ይቃጠል ነበር። ውሃ ሲመጣ ታንከሩን ሞላነው፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ከፍተን አየር ሳይቀላቀል በአንድ ወጥ እስኪወርድ ጠበቅን። ቁልፏን ሲጫናት «ቀጭ» አለች፤ ብሬከሩን ሲያበራ ቀይዋ መብራት መጣች። እስከ ዛሬ ደግማ አልቆረጠችም።

ስለዚህ ቴርሞስታት አስቀይራችሁ ቦይለራችሁ ከጠፋ ኤለመንት ለመግዛት አትሩጡ። ታንከሩ መሙላቱን፣ ቁልፏ ብቅ ማለት አለማለቷን፣ የሽቦው ብሎን መዳቡን መያዙን ባለሙያ እንዲያይላችሁ አድርጉ፤ ፕላስቲኩን ነክሶ የሚቀር አለ። ክዳኑን ግን ብሬከር ሳይጠፋ ማንም አይክፈተው። ታንከሩ ሞልቶ ደጋግማ የምትቆርጥ ከሆነም እየተጫኑ መኖር አደገኛ ነው፤ የቴርሞስታቱ ዘንግ እስከ ውስጥ አልገባ ይሆናል፣ ወይም ኤለመንቱን ነጭ የኖራ ቅርፊት ለብሶታል። ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ያልታሰረለት ቦይለር ሥር መታጠብንማ እባካችሁ ተዉት።

አምራቹን የምወቅሰው ይህችን ቁልፍ በብሎን ከታሰረ ክዳን ሥር ደብቆ በመመሪያው ላይ አንድ መስመር እንኳ ባለመጻፉ ነው። ድጋሚ ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ። ብቻ አስቀድሜ ቴርሞስታቱ እዚሁ ደብረ ብርሃን መሸጡን አጣራለሁ፤ የእኔ መለዋወጫ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ቤተሰቡ በድስት ውሃ እያሞቀ ነበር የሚታጠበው።