ዋጋው ወረቀት ላይ ሳይሰፍር አሮጌውን ዞኮሎ እንዳታስነቅሉ

ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ለፊኒሺንግ ሥራ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። አዲስ ኮንዶሚኒየም ባለበት ሰፈር ሁሉ መንገድ ዳር ሱቅ ተከራይተው፣ በር ላይ የጂፕሰምና የዞኮሎ (ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ላይ ዙሪያውን የሚገጠመው ጠርዝ) ናሙና ደርድረው፣ "ልኬት በነጻ ነው፣ ግቢ" የሚሉት ናቸው።

የእኔን ቤት ዞኮሎ ያስገጠመው የቀድሞው ባለቤት ነው፤ ኤምዲኤፍ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ ነው። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ከሥሩ ውሃ እየጠጣ አብጦ ነበር። ኤምዲኤፍ ደግሞ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም አይመለስም። ላስቀይረው ብዬ ከእነዚህ ሱቆች ከአንዱ ጋር መንቀያውንም መግጠሚያውንም ጨምሮ በሜትር 480 ብር ተስማማን። 76 ሜትር ነው አሉ፤ 18,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ።

በማግስቱ ሁለት ልጆች መሮና መዶሻ ይዘው መጡ። የቀለሙን ጠርዝ በኩተር እንኳ ሳይቆርጡ ከላይ እየፈነቀሉ ሲስቡት ልስኑ አብሮ እየተገነጠለ ወረደ። "ኧረ ቀስ በሉ" ስላቸው አንዱ "የታዘዝነውን ነው የምንሠራው" አለኝ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ብሎኬቱ ፈጥጦ ቀረ። የሁሉም ክፍል ዞኮሎ ተነቅሎ ኮሪደሩ ላይ እስኪከመር ድረስ ስለ ዋጋ ትንፍሽ ያለ የለም። የመጨረሻው ሲነቀል አለቃቸው ከች አለ። ልጆቹ መሣሪያቸውን ቀድመው በጆንያ ከትተዋል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የተቦረቦረውን ልስን በጣቱ እያረገፈ፣ "ግድግዳሽ የበሰበሰ ነው፣ ለልስንና ለስቱኮ 22,000 ብር ትጨምሪያለሽ" አለኝ።

"ያፈረሳችሁት እናንተ!" ስለው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ባለቤትሽ የለም? እሱን ጥሪልኝ፣ ከወንድ ጋር ይሻላል" አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ይህን ቤት የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የባንኩን ዕዳ በየወሩ የምከፍለውም እኔ ነኝ። በገዛ ሳሎኔ ቆሜ እንደዚያ ስባል የተሰማኝን አሁንም መዋጥ አልቻልኩም። ቀብዴን መልስ ስለው "ቀብድ አይመለስም፣ ሕግ ነው" ብሎ ልጆቹን አስከትሎ ወጣ። ሱቁ ድረስ ስሄድ ደግሞ ሂሳብ የምትቀበለዋ ልጅ እየሳቀች "ወይ ይጨምሩ፣ ወይ እንደዛው ይኑሩበታ" አለችኝ።

ሕጉ እንደዚያ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እኔ ውሌን አልተውኩም፤ አፍርሶ ጥሎ የሄደው እሱ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። ደረሰኜን ይዤ አቤቱታዬን አስገብቻለሁ፤ አልተወውም።

ቤቱ እንዲያ ሆኖ መቀመጥ ስለማይችል የእህቴን ልጅ ጠራሁ። እንደገና ስንለካው 65 ሜትር ነው! የበሮቹን ክፍትና ከኪችን ካቢኔቱ ጀርባ ያለውን ሁሉ ቆጥረውብኛል። ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ አንዱ ሙሉው 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ መሰንጠቂያ ቤት በ10 ሳንቲም ሲሰነጠቅ 11 ቁራጭ ይወጣዋል፣ ወደ 27 ሜትር ማለት ነው። ሦስት ገዛን፣ ይተርፋል። ብሎኬቱ ሚስማር ስለማይዝ ልጁ በድሪል እየበሳ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) እየከተተ በብሎን ነው የሚያስረው። ውሃ የሚገባው በታች በኩልና በተቆረጠው ጫፍ ስለሆነ ሁለቱንም ሳይገጠም በፊት ቀለም አጠጣናቸው። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ክፍተት ነበረው፣ በስቱኮ ተሞላ። ሳሎኑ አልቋል፣ መኝታ ቤቶቹ ይቀራሉ። ልስኑን ጨምሮ ያወጣሁት እነሱ ከጠየቁኝ የመጀመሪያ ዋጋ ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

በሰው የምታሠሩ ከሆነ የመንቀያውም የልስኑም የስቱኮውም ዋጋ ተጽፎ ሳይፈረም አንድ ቁራጭ እንዳይነቀል። ሜትሩን እናንተው ለኩ። ያለ ደረሰኝ ቀብድ አትስጡ። ራሳችሁ የምትሠሩ ድሪል መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ በቀን ሂሳብ የሚያከራዩ አሉ።