የጨርቅ መትከያ ከረጢት፣ ባለ 5 ጋሎን፦ ለጥቁር እናቶች የከተማ ጓሮ

በአሜሪካ ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ግድግዳ ሥር ያለው አፈር ከረገፈ ቀለም የመጣ እርሳስ (መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አደገኛ ነው። በእንዲህ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች የሚኖሩ ጥቁር እናቶች ብዙ ናቸው። የከረጢቱ ዋና ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ንጹሕ አፈር ይሞላበታል፣ የግቢው መሬት አይነካም።

19 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሁለት እጅ የማሰሮ አፈር (ለመትከያ ዕቃ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ)፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ይበቃዋል። ተራ የጓሮ አፈር ግን አይግባበት፤ ይጠጥርና ሥሩን ያፍናል። ለኮላርድ፣ ማለትም ሐበሻው በአገር ቤቱ ጎመን ፋንታ ለሚቀቅለው ቅጠል፣ አንድ ከረጢት አንድ ተክል ብቻ ነው። ዘሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ከተዘራ ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል። በውስጡ ያለው ፎሌት የተባለ ቫይታሚንም ለነፍሰ ጡር እናት ይጠቅማል።

እንከኑ ውኃ ነው። ውኃው በጨርቁ ጎን ስለሚተን በበጋ ሙቀት በየቀኑ መጠጣት ይፈልጋል። ውኃ ሲበዛ ደግሞ ማዳበሪያው ታጥቦ ይወጣና የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይሰጠው። ነጯ ቢራቢሮ እንቁላል እንዳትጥልበት ከመጀመሪያው ቀን መረብ ይልበስ። እጀታውን አንመነውም፤ በተለይ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የረጠበ ከረጢት አታንሳ፣ ቦታው ላይ አስቀምጣ ትሙላው።

በስናፕ ካርድ (የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ) የሚበላ አትክልት ዘርና ችግኝ መግዛት ይቻላል። ከረጢቱንና አፈሩን ግን ካርዱ አይሸፍንም።