«ጣት የማያሳምም» ተብሎ የሚሸጥ ክላሲክ ጊታር ልትገዙ ከሆነ ይቺን አንብቡ

ወገን ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «ለጀማሪ የተስተካከለ፣ ጣት የማያሳምም ክላሲክ ጊታር» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ፣ ተጠንቀቁ። ጊታር ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ከተራው ዋጋ ላይ 3 ሺህ ብር ጨምራ ገዝታው መጣች። ጊታሩ ራሱ አዲስ ነው፣ እንጨቱም መጥፎ አይደለም፣ ጉዱ ያለው «ተስተካከለ» የተባለው ላይ ነው።

ስልኬ ላይ ባለው ቲውነር (የክር መቃኛ አፕ) ስለካው ስድስቱም ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዶ ነው የተቃኘው። ክር ሲላላ የማንም ጊታር ይለሰልሳል እኮ! ወደ ቦታው ስመልሰው (ከታች ከቀጭኑ ሲቆጠር 5ኛው ክር 110 ኸርዝ ላይ መምጣት አለበት) ልስላሴው ግማሹ ጠፋ። የቀረው ከየት መጣ ብዬ ነቷን አየኋት፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ነጯ ቁራጭ ማለት ነው፣ በሞረድ ቦርቡረው ቦርቡረው ክሮቹን ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደረው ብረት) ላይ አስተኝተዋቸዋል፣ 1ኛና 4ኛው ክር ሳይያዝ ሲመታ ዝዝዝ ይላል። ሻጩ ጋ ስትደውል «አዲስ ክር ስለሆነ ነው፣ ስትጫወቺበት ይተዋል» አላት፣ ከዛ በኋላ ስልክ ማንሳትም ተወ። የተሞረደ ፕላስቲክ በልምምድ ተመልሶ አይበቅልም።

ነቷን የሚሞርዱት ለምን መሰላችሁ፣ ገዢው የሚሞክረው ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር የሚባሉትን የጀማሪ ኮርዶች ነዋ፣ ሁሉም 1ኛና 2ኛ ፍሬት አካባቢ ያሉ፣ እዛ ጋ ለውጡ ወዲያው ጣት ላይ ይታወቃል። 7ኛ 9ኛ ፍሬት የወጣ ሰው ግን ከሞላ ጎደል ያው የድሮውን ከፍታ ነው የሚያገኘው። ለማረጋገጥ ክሩን 3ኛ ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛውን ፍሬት እዩ፣ በክሩና በብረቱ መሀል ቀጭን ወረቀት የምታስገባ ክፍተት ከሌለች ነቷ አልቃለች።

ከዚህ የባሱት በናይለን ክር ፋንታ የብረት ክር አስረው የሚሸጡት ናቸው። «ቀጭን ነው፣ ድምፁም ይጮሃል» ይሏችኋል። የናይለን ክር ስድስቱ ተደምሮ የሚስበው 40 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የተለመደው የአኮስቲክ የብረት ክር ግን 70ን ያልፋል፣ ክላሲክ ጊታር ለዛ አልተሠራም፣ አብዛኛው አንገቱ ውስጥ እንዳይጎብጥ የሚይዘው የብረት ዘንግ እንኳ የለውም። ቀስ በቀስ ብሪጁ (ፊቱ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ይነሳል፣ ፊቱ ያብጣል፣ አንገቱ ይጎብጣል፣ ያኔ ሻጩን ፈልጉት እንግዲህ። 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛው ክር ብረት ቢመስሉ ግን አትደንግጡ፣ ውስጣቸው ናይለን ነው ከላይ ሽቦ ተጠምጥሞባቸው፣ የምታዩት የታችኞቹን ሦስቱን ነው፣ እነሱ ሽቦ ከሆኑ ትታችሁት ውጡ።

ደግሞ በእውነት ማቅለል ለፈለገ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። ሳድሏ (ብሪጁ ላይ የቆመችው ነጭ) ብዙ ጊዜ በኮላ አልተያዘችም፣ ክሮቹን ስታላሉ ትወጣለች። መጀመሪያ ግን 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ድረስ በማስመሪያ ለኩ፣ 6ኛው ክር 4 ሚሊ፣ 1ኛው 3 ሚሊ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ አትንኩት። 6ኛው 5 ከሆነ ግን፣ እዛ ጋ 1 ሚሊ ለማውረድ ከሳድሏ 2 ሚሊ ነው የሚነሳው፣ ከታች በኩል፣ መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ በእርሳስ አስምራችሁ ቀስ እያላችሁ። የድሮዋን ግን አስቀምጧት፣ የአጥንት ሳድል ገዝታችሁ ከሷ ጋር እያስተያያችሁ ሞርዱ፣ ቢበላሽ መመለሻ ይኖራችኋል። ዝቅ ለማድረግ ብላችሁ ሳድሏ ከብሪጁ በላይ 2 ሚሊ እንኳ የማትቀር ከሆነ ችግሩ አንገቱ ነው፣ በሳድል አይድንም። ላይት ቴንሽን የሚባል፣ ስበቱ ቀለል ያለ የናይለን ክርም አለ፣ እኔ ብሆን ማንኛውንም ነገር ከመሞረዴ በፊት እሱን ነው የምቀይረው።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ነቷ ብቻዋን ትቀየራለች፣ ጊታሩን አትጣሉት። አንዳንዱ ጠጋኝ ጉድጓዱን በሱፐር ግሉና በቤኪንግ ሶዳ ይሞላዋል፣ ለጊዜው ይሠራል፣ ብቻ የአዲስ ነት ሂሳብ እንዳትከፍሉበት። ያልገዛችሁ ደግሞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ቲውነሩ እየታየ እያንዳንዱን ክር ሳይያዝ የሚመታበት ቪዲዮ ጠይቁ፣ ሰበብ ካበዛ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።