ቲቪ ጌም ይዞ ለሚመጣው የልጄ አስጠኚ ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ሰሚትና አካባቢው ያላችሁ፣ የአንደኛ ደረጃ ልጅ ኖሯችሁ የሒሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። የኛን አስጠኚ በአደባባይ ማመስገንም ፈልጌያለሁ። ስሜ አይውጣ ስላለ ስሙን አልጽፍም።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። መደመር አያቅተውም፤ ግን በጣቱ ነው የሚደምረው። ሰባትና ስምንት ስትሉት እጁ ጠረጴዛ ስር ይገባል። አስጠኚው ይህን አየና በሚቀጥለው ቅዳሜ ቲቪ ጌም በቦርሳው ይዞ መጣ። ያ እኛ ልጆች ሆነን ጎረቤት ቤት ተራ ጠብቀን የተጫወትነው፣ ካሴት የሚገባበት። ካሴቱ ላይ 9999 ጌም ይላል። ውስጡ ያሉት ያው ጥቂቶቹ ናቸው፣ ስም እየቀየሩ የሚመላለሱ።

አንድ ሕግ አለው። ጌሙን መሃል ላይ ፖዝ እያስደረገ (እያስቆመ) ሒሳብ ይጠይቀዋል፤ ፖዝ ሲሆን ደግሞ ጆይስቲኩን መልቀቅ አይቻልም። ሁለቱም እጅ ስለተያዘ ጣት መቁጠር የለም! እንዴት ለሌላ ሰው ሳይመጣለት ቀረ እያልኩ እስካሁን ይገርመኛል።

የጀመሩት በፓክማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓን ውስጥ የወጣ ጌም ነው፣ ከኔም ይበልጣል። ከጭራቆች እየሸሹ መንገድ ላይ ያሉ ክብ ክብ ፍሬዎችን መብላት ነው። ትንሿ ፍሬ 10፣ ትልቋ 50 ታስቆጥራለች። ትልቋን የበላ ጭራቆቹን ማሳደድ ይችላል። የመጀመሪያው ጭራቅ 200፣ ሁለተኛው 400፣ ሦስተኛው 800፣ አራተኛው 1600 ነው። አስጠኚው ሁለተኛው እንደተበላ ፖዝ ያስደርገዋል። «ቀጣዩ ስንት ነው? እስካሁን በጭራቅ ብቻ ስንት አገኘህ?» መልሱ ካልመጣ ጨዋታው አይቀጥልም። ልጁ ደግሞ ጭራቁ ሳያመልጠው መቀጠል ስለሚፈልግ ይፈጥናል። አራቱንም ከበላ 3000 እንደሚሞላ ማንም ሳይነግረው ደመረው። ማታ እራት ላይ ለአባቱ ሲያስረዳ ነው የሰማሁት።

ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እየገጣጠሙ መስመር የሚሞሉበት ቴትሪስ ላይ ግን ፖዝ አልሠራም። የኒንቴንዶው ቴትሪስ ፖዝ ሲደረግ ስክሪኑን ያጠፋዋል፤ ጌሙን የሠሩትን ያኔም ፖዝ አድርጎ እያሰበ የሚያጭበረብር አስቸግሯቸው ነበር መሰለኝ። ስለዚህ አስጠኚው ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አወጣ። የቴትሪስ አንድ መስመር 10 ካሬ ነው። 7ቱን በእርሳስ ያጠቁርና «ስንት ቀረ?» ይለዋል። ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 6። አስር የሚሞሉ ጥንዶችን ልጄ እንዲህ ነው የለመዳቸው። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አይቆምም፣ ደብተሩ አለ።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን የሱፐር ማሪዮውን ነው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ባንዲራ ጋ ሲደረስ የተረፈው ሰዓት እያንዳንዱ በ50 ነጥብ ይባዛል። ከዚያ ደግሞ ባንዲራውን ሲነካ የሰዓቱ መጨረሻ ቁጥር 1፣ 3 ወይም 6 ከሆነ ያንን ያህል ርችት ይተኮሳል፣ እያንዳንዱ 500። ይህን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? አንድ ቀን ልጄ 146 ላይ ባንዲራውን ነካ። አስጠኚው ቶሎ ፖዝ አስደረገው። «የ146 ግማሽ ስንት ነው?» «73።» «መቶ ጊዜስ?» «7300።» «ርችቱስ?» ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ቆየና «3000! በድምሩ 10300!» ብሎ ጮኸ። በ50 ማባዛት ማለት ግማሹን ወስዶ በመቶ ማባዛት እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አልረሳውም።

ካሴቱ ውስጥ ለሒሳብ ተብሎ የተሠራ ጌምም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዶንኪ ኮንግ ጁኒየር ማት። ከላይ ዝንጀሮው ቁጥር ያሳያል፣ ልጁ ገመድ እየወጣ ቁጥርና ምልክት ለቅሞ እዚያ ቁጥር ላይ መድረስ አለበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልጄ ግን ወዲያው ሰለቸው። ትምህርት ትምህርት ይሸታል። አስጠኚውም አልተጫነውም፣ ካሴቱን ወደ ማሪዮ መለሰለት።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ክፍልፋይና የቃላት ፕሮብሌም በዚህ አይመጣም፣ እሱም አይመጣም ብሎ መጀመሪያውኑ ነግሮኛል። ለነዚያ ጌሙን ዘግቶ በመጽሐፍ ያስጠናል። ጌሙ ለመደመር፣ ለማባዛትና በቃል ለማስላት ነው። ስልኩ ላይ አላርም ይሞላል፣ ሲጮኽ ጨዋታው አለቀ። ቲቪ ጌሙንም ይዞት ይሄዳል። ይህቺን ይዞ መሄዱን እናቶች ትረዱኛላችሁ።

ክፍያው ከሌሎቹ የሰፈር አስጠኚዎች አይለይም። ቴሌቪዥናችሁ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንዳለው ግን ቀድማችሁ እዩ። አዲሶቹ ስስ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የላቸውም። እኛ ጓዳ የተጣለውን አሮጌውን ነው ያወጣነው። ታክሲ ሰልፍ ስለሚይዘው አንዳንዴ ያረፍዳል፣ ያረፈደበትን ግን ሳይነግሩት ያካክሳል። እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ይቀበላል፣ ወንድምና እህት አንድ ላይ ቢሆኑም አይከፋውም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልፋትህን አይተናል።

ስልኩን ለምትፈልጉ በኢንቦክስ እልክላችኋለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የኛ ነው፣ እሱን እንዳትነኩብኝ።