ስናር ላስቸገራችሁ ሁሉ፦ ይህቺን የሰብል ባለሙያ ፈልጓት

ይህን የምጽፈው አርሲ፣ ኢተያ፣ እናቴ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ትናንት ስንዴያችን ታጨደ። ከሁለት ሄክታር 62 ኩንታል! ካቻምና ከዚሁ መሬት 27 ነበር ያገኘነው። እሱንም ነጋዴው "ስናር አለበት" ብሎ፣ ያ ስንዴ የሚመስለው የሳር አረም ማለት ነው፣ ዋጋ ሰብሮ ነው የወሰደው። የማመሰግነው ሰው አለኝ። ስሜ እንዳይወጣ ስላለችኝ የቀበሌያችን የሰብል ባለሙያ ብዬ ልለፈው።

አባቴ ካረፈ ወዲህ መሬቱን የምታሳርሰው እናቴ ናት። እኔ አዲስ አበባ ሹፌር ነኝ፤ ከስልክ ያለፈ እርዳታ የለኝም። በደወልኩ ቁጥር የምሰማው ደግሞ አንድ ነገር ነበር፦ "ሳሩ በላን።" ሙጃና ስናር ማለቷ ነው። ሙጃው እንኳ ይሻላል፣ ላሞች ይወዱታል። ስናር ግን ተንኮለኛ ነው። ልጅ እያለ ቁርጥ ስንዴ ነው። የሚታወቀው ራሱን ከስንዴው በላይ ሲያወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ፍሬውን ከአጨዳ በፊት መሬት ላይ ያራግፋል። ለከርሞም፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ዘራ ማለት ነው።

ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዱ ሱቅ "ይሄ አረም የሚባል አያስተርፍም" ብሎ ቱፎርዲ የሚባል የአረም መድኃኒት ሸጠልኝ። ረጨን። ቅጠለ ሰፊው አረም ሁሉ ሞተ። ሳሩ ግን ተሻሚ ጠፋለትና ደልቶት አደገ። ቱፎርዲ ሳር እንደማይገድል የሰማሁት ከረጨሁ በኋላ ነው። ሻጩ ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን? እንጃ። በዓመቱ ሌላ ሱቅ፣ ሌላ ጠርሙስ፣ እጥፍ ዋጋ። "መጠኑን ጨመር አድርጉ" ተባልን። ጨመርን። ስንዴው ቢጫ ሆነ፣ ስናሩ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ስደውልለት "ዝናቡ ነው" አለኝ። ከዚያ ስልኬን ማንሳት ተወ። ባለሙያ ነኝ ያለ ሌላ ሰው ደግሞ አበሉን ተቀብሎ መጣና፣ ከመኪናው ሳይወርድ የመድኃኒት ስም ጽፎልን ሄደ። እናቴ እስከ ዛሬ "የመስኮቱ ሰውዬ" ነው የምትለው።

ይህቺኛዋ በእግሯ መጣች። ካቻምና፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ። ቦት ጫማዋን ጭቃ ውጦታል። ሰላም ብላን በቀጥታ ማሳው ውስጥ ገባች። ሁለት እግር ነቅላ ለእናቴ ሰጠቻትና "እማማ፣ ስንዴው የቱ ነው? እስቲ ይንገሩኝ" አለቻት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስንዴ መሃል ነው የኖረችው። ያን ቀን ግን ግራ ገባት። ልጅቷ አልሳቀችባትም። ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን ቦታ ገለጥ አደረገች፤ በስልኳ ፎቶ አነሳችና አጉልታ አሳየቻት፣ የእናቴ ዓይን ደከም ብሏልና። ስንዴው እዚያ ጋ አገዳውን ያቀፉ እንደ ጥፍር ያሉ ሁለት ነገሮች አሉት። ስናሩ የለውም። ባዶ ነው።

"ውይ! ስንዴ ጥፍር አላት እንዴ?"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። "ይሄ ጥፍር የለውም፣ ይሄም የለውም" እያለች ስትነቅል አመሸች። ድሮ እኮ ስናር ከገብስ ጋር ገብቶ ጠላ ይሆን ነበር ብላም ተከራከረች። ልጅቷም "ያ ሌላ ነው እማማ፣ ይሄ ዱሬው ነው" አለቻት።

እኔ ደግሞ የለመድኩትን ጠየቅኩ። "የቱን መድኃኒት ልግዛ?"

"ዘንድሮ ምንም እንዳትገዛ ወንድሜ። የመርጫው ጊዜ አልፏል። ብርህን ያዝ።"

በዚያ ሁሉ ጊዜ ብርህን ያዝ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ደቦ ጠርተን ነቀልን። ፍሬ የጀመረውን በጆንያ ከማሳ አወጣን፣ ለጋውን ሙጃ ለላሞች ሰጠን። አምና በስንዴው ፈንታ ባቄላ አዘራችን፤ ባቄላ መሃል ሳር መደበቂያ የለውም። ዘንድሮ መጀመሪያ ዝናብ ላይ ሳሩ ሲበቅል ገልብጠን አረስነው፣ ከዚያ ነው የዘራነው። መድኃኒትም ረጨን፣ እሷ ባለችው ቀን፣ እሷ ባለችው መጠን። አንዱን መድኃኒት በየዓመቱ መደጋገም ሳሩን ያለማምደዋል ብላ ስለ መድኃኒቶቹ ዘመዳማነት ብዙ አስረዳችኝ። እሱ እንኳ አልገባኝም፤ እሷ ካወቀችው ይበቃል።

ትናንት ደግሞ በጠዋት መጥታ ኮምባይነሩን ስትጠብቅ አገኘኋት። ከሌላ ሰው ማሳ ስለሚመጣ ካልተጠረገ አይገባም አለች። ኦፕሬተሩ ተነጫነጨ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ እያለ። መልስ አልሰጠችውም። የእናቴን መጥረጊያ ይዛ ራሷ ማሽኑ ላይ ወጣች። ግማሽ ጆንያ የሚሆን ግርድና ገለባ ሸራው ላይ ወረደ፤ መሃሉ ያ ጥቁር፣ ጸጉራም የስናር ፍሬ። ኦፕሬተሩም ዝም አለ።

ኢተያና አካባቢው ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን ጥሯት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ራቅ ያላችሁም የየቀበሌያችሁን የሰብል ባለሙያ ማሳችሁ ድረስ ውሰዱ። በመስኮት አይሆንም!

እናቴ በግ ልስጥሽ ብትላት እምቢ አለች። ቡናዋን ጠጥታ ወደ ጎረቤት ማሳ ሄደች። ኮምባይነሩም ተከተላት። መጥረጊያችንን ኦፕሬተሩ ይዞት ሄዷል።