ኦሜጋ ስፒድማስተር 145.022፦ ያገለገለውን ስትገዙ ገንዘቡ የሚሄደው ለምኑ ነው?

ከሰዓት ቆጠራ ሌላ ተጨማሪ ሥራ ያለውን አሮጌ የስዊስ ሰዓት መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ከ145.022 የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ሰዓቱ ክሮኖግራፍ ነው፤ ከመደበኛው ቆጠራ ጎን ለብቻው የሚነሳ፣ የሚቆምና ወደ ዜሮ የሚመለስ መለኪያ አለው። በእጅ ይሞላል፣ ባትሪ የለውም። ከ1968 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለረጅም ጊዜ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል።

በቅድሚያ የጨረቃውን ወሬ እናጥራ። ከ1970 አካባቢ ጀምሮ የጀርባ ክዳኑ ላይ «ጨረቃ ላይ የታሰረ የመጀመሪያው ሰዓት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። የአፖሎ 11 ጠፈርተኛ ባዝ አልድሪን በጁላይ 1969 ያሰረው ግን የቀድሞውን ሞዴል፣ ውስጡ 321 የተባለው ማሽን ያለበትን ነው። 145.022 የያዘው ተተኪውን 861ን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው የዚህ ታሪክ ዋጋ ነው። በአሠራር ረገድ 321 ክሮኖግራፉን የሚያዘው ዓምድ ባለው ጥርሳም ጎማ ሲሆን በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል። 861 ያንን ጎማ በካም (እየዞረ ማንሻዎችን በሚገፋ ቀላል ጠፍጣፋ ብረት) ተክቶ ምቱን 21,600 አድርሶታል። ካሙ ለዓይን አያምርም፤ ሲበላሽ ግን በቀላሉ ይስተካከላል። አስሮት ለሚውል ሰው 861 ይሻላል ባይ ነን።

ማሽን ይጠገናል፤ ፊቱ ግን አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። ስለዚህ ዋጋው ያለው እዚያ ነው። የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም ሲሆን ከፊቱ ግርጌ በሁለት «ቲ» ፊደላት መካከል «ስዊስ ሜድ» ተብሎ ተጽፏል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ስለሆነ ከ1970 የመጣ ፊት ዛሬ ጨለማ ውስጥ ማብራት አይችልም። ለመፈተን የስልክ መብራት ለ10 ሰከንድ አብሩበትና አጥፉ። ለደቂቃዎች አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ ቀለሙ በኋላ የተቀባ ነው። የቆጣሪዎቹ (ፊቱ ላይ የሚዞሩት መርፌዎች) ቀለም ነጭ ሆኖ የፊቱ ነጥቦች ማር መስለው ከታዩ ደግሞ ቆጣሪዎቹ ተቀይረዋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሰርቪስ ላይ የሚደረግ ነውና ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፣ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት። የኦሜጋ ምልክትም ይናገራል። በ145.022-68 ላይ (መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች የሞዴሉን ዓመት ያመለክታሉ) ከብረት ተሠርቶ የተለጠፈ ነው፤ ከ-69 ጀምሮ የታተመ ነው። ክዳኑ ከውስጥ «145.022-71» የሚል ሆኖ ፊቱ ላይ የብረት ምልክት ካያችሁ ክዳንና ፊት የተገናኙት ገበያ ላይ ነው።

ቤዝሉ (ፊቱን የከበበው ቁጥሮች ያሉበት ቀለበት) ላይ 90 ቁጥርን ፈልጉ። በቀደምቶቹ ነጥቡ ከ90 በላይ፣ በኋለኞቹ ከጎኑ ነው። የአንድ ነጥብ ቦታ ይህን ያህል ገንዘብ ማንቀሳቀሱ ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል፤ በላይ ያለው ቤዝል ለብቻው ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ ይታያል። ለዚህም ነው የሐሰቱ የበዛው።

ቀፎው 42 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማሰሪያው ስፋት 20። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጆሮዎች ላይ የሚያብለጨልጨውና የደበዘዘው ክፍል በስለታም መስመር መለየት አለባቸው። መስመሩ ከተድበለበለ ተሞርዷል፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም። የመስታወቱ ጭረት ግን አያስጨንቅም፤ ሄሳላይት ፕላስቲክ ስለሆነ በማወልወያ ቅባት በደቂቃዎች ይጠራል። የብረት ማሰሪያ ካለው ጫፉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 1039 የተባለው ማሰሪያ ከ516 ጫፍ፣ 1171 ከ633 ጫፍ ጋር ነው የሚሄደው።

ክሮኖግራፉን ሳትፈትኑ አትክፈሉ። መሙያውን እስኪከብድ ድረስ ሙሉና የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ። ቀጭኑ ቆጣሪ ሲነሳ ትንሽ ቢዘልል የማሽኑ ጠባይ ነው፤ ጥርሶቹ ከጎን ስለሚገናኙ ነው። 30 ደቂቃ ይሂድ፣ በ3 ሰዓት በኩል ያለው ትንሽ ክብ እያንዳንዱን ደቂቃ መቁጠሩን አረጋግጡ። አቁሙና የታችኛውን ተጫኑ፤ እየሄደ ሳለ ግን ፈጽሞ አትንኩት። ቆጣሪው ከ12 ጎን ከቆመ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ መላላቱ ነው፣ ርካሽ ጥገና ነው። ክሮኖግራፉ ቆሞ ሳለ በ6 በኩል ያለው የሰዓታት ክብ በቀስታ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ዘይቱ ደርቋል ወይም ክቡን የሚያቆመው ያዥ አልያዘም፤ ሙሉ ሰርቪስ ይጠብቃችኋል፣ ከዋጋው ቀንሱት።

የሰዓት ሠሪ መለኪያ መሣሪያ ካገኛችሁ የማንሻ ማዕዘኑን (መሣሪያው ለስሌቱ የሚፈልገውን የማሽኑን ቁጥር) 50 ዲግሪ አድርጉ። ሙሉ ሆኖ ፊቱ ወደ ላይ ሲተኛ የሚዛን ጎማው ውዝዋዜ ከ270 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ220 በታች ከሆነ ሰርቪስ ያስፈልገዋል። ክሮኖግራፉ ሲነሳ ከ40 ዲግሪ በላይ ከወደቀ ጥርሶቹ አብዝተው ተጋጥመዋል፤ የሚያስተካክለው ብሎን አለው። ውስጡ ከብረት ፋንታ ነጭ የፕላስቲክ ፍሬን ካያችሁ አትደንግጡ፤ ፋብሪካው ራሱ ዴልሪን ይጠቀም ነበር።

ውሃ? እጃችሁን ስትታጠቡ አውልቁት።

ወረቀት ብቻውን ማረጋገጫ አይሁናችሁ። በኖቬምበር 2021 ጄኔቫ ላይ በፊሊፕስ ጨረታ ከ3.1 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የወጣበት የ1957 ስፒድማስተር ከተለያዩ ሰዓቶች የተገጣጠመ መሆኑ በ2023 ታውቋል፤ የቀድሞ የኦሜጋ ሠራተኞችም እጃቸው እንዳለበት ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። ይህ ሰዓት ኩባንያውንም ሙያተኛውንም ያታለለ ነው። ስለዚህ ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ በማሽኑ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ካላሳየ፣ የክዳኑን የውስጥ ገጽ ፎቶ ካልላከ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢማርክ እለፉት። ሰዓቱ ለሰርቪስ የሚሰጥ ከሆነም ለሰዓት ሠሪው በጽሑፍ ንገሩት፦ ቀፎው እንዳይሞረድ፣ ፊትና ቆጣሪ እንዳይቀየር፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል ተመልሶ እንዲመጣ።