ጎንደር ውስጥ ዎልፔፐር ማስለጠፍ ለምትፈልጉ

ጥሩ ባለሙያ ስታገኙ ጠቁሙን ትሉ የለ? ይኸው። ፒያሳ አካባቢ ዎልፔፐር የሚለጥፍ አንድ ልጅ አለ። የእማዬን ሳሎን ሠርቶልናል፤ እጁ ይባረክ።

ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው። ከእሱ በፊት የመጣው ሰው ግድግዳውን በቅጡ ሳያይ "ነገ እጨርስላችኋለሁ" ብሎን ነበር። ይሄኛው መጀመሪያ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣ። ለካ አሸንዳው ተከፍቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃው በግድግዳው ሲወርድ ከርሟል። "ይሄ ሳይደርቅ አልለጥፍም" አለ። የመረጥነውን ፕላስቲክ ለበስ ዎልፔፐርም አስቀየረን። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል፤ ፕላስቲኩ መውጫውን ሲዘጋበት ከሥር ይሻግታል። ሥራው ቢጓተትበትም ንቅንቅ አላለም።

ብፌውን ስናነሳ ከጀርባው ምን ወጣ መሰላችሁ? አያታችን በዱቄት ሙጫ የለጠፉት አዲስ ዘመን ጋዜጣ! ሌላው ቢሆን በስፓቱላ ፍቆ ጆንያ ውስጥ ይከተው ነበር። እሱ ግን ለብ ያለ ውሃ በስፖንጅ እያስነካ፣ ከጥጉ ጀምሮ፣ አንዱን ገጽ ሳይቀደድ አነሳው። የዱቄት ሙጫ በውሃ ይለቃላ። የድሮ ወረቀት የሚጠግኑ ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ የስንዴ ስታርች የሚመርጡት ለዚሁ ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዋይት ሀውስ እንግዳ መቀበያ ክፍል ያለው የሰሜን አሜሪካን መልክዓ ምድር የሚያሳይ ዎልፔፐር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ዙበር የተባለው ፋብሪካ በእንጨት ማተሚያ የሠራው ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1834 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1961 ሜሪላንድ ውስጥ ሊፈርስ ከነበረ ቤት ተልጦ ነው እዚያ የገባው። ሩቅ ሳንሄድ፣ የእኛው የደብረ ብርሃን ሥላሴ የግድግዳ ሥዕሎችስ ጨርቅ ላይ ተስለው የተለጠፉ አይደሉ?

ወደ ልጁ ልመለስ። የመጀመሪያውን ወረቀት በቱምቢ ለክቶ ነው የጀመረው። አበባው ከአበባው ገጥሞ መጋጠሚያው የት እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም። ደግሞ ስትገዙ ልብ በሉ፦ 53 ሳንቲ በ10 ሜትር የሆነው ጥቅል 5 ካሬ ይሸፍናል ቢባልም፣ አበባ ለማግጠም ተቆርጦ የሚጣለው ብዙ ነው። እሱን አስለክታችሁ ግዙ።

ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ የተስማማንበትን ግን አልጨመረም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቶሎ አያነሳም፣ ደጋግማችሁ ደውሉ።